በሊትር ስንት ይሄዳል? የአንድ ባለ ተርቦ ፒካፕ የነዳጅ ማስታወሻ

ጥቅምት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዛሬ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቼ ስድስት ዓምድ አሰመርኩበት፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ ጭነት፣ መንገድ፣ አስተያየት። ከእንግዲህ ወደዚህ መኪና የሚገባ እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ እዚህ ይመዘገባል።

መኪናው ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2016 ሥሪት፣ 2.4 ሊትር ባለ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው) የናፍጣ ሞተር፣ ማርሹ በእጅ። በአምራቹ መግለጫ ጉልበቱ 110 ኪሎ ዋት ነው። ሁለተኛ እጅ ገዝቼው እኔ ዘንድ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ተከላ ስለሆነ አንዱን ሳምንት ባቱ፣ ሌላውን ደብረ ማርቆስ፣ በመካከሉ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ስለቅም እውላለሁ። ለሥራ ዋጋ ሳቀርብ የነዳጁን ወጪ በግምት ነበር የማስገባው። ባለፉት ሁለት ሥራዎች ግምቴ ስቶ ልዩነቱን ከትርፌ ላይ ከፈልኩ።

ያሳሳተኝ የሰው ወሬ ነው። መኪናውን የሸጠልኝ ሰው «በሊትር 13 ይሄድልሃል» ብሎኝ ነበር። አጎቴ በበኩሉ «ተርቦ ነዳጅ ይበላል ብዬህ ነበር» ይለኛል። እርሱ የሚነዳው ተርቦ የሌለውን የቆየውን 3.0 ሃይሉክስ ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማሳያ ደግሞ የራሱን ቁጥር ያሳያል። ሦስት ምስክር፣ ሦስት ቃል። እኔ የማምነው የማደያውን ቆጣሪና የሄድኩትን መንገድ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩ።

በኋላ እንዳልዘነጋው ደንቡን እዚህ ልጻፈው። ሁልጊዜ ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ መቅጃ፣ መኪናው በአንድ አቅጣጫ ቆሞ እቀዳለሁ። መቅጃው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሲያቆም በቃ፤ ቀጂው ሒሳቡን ለመሙላት ጠብ ጠብ እንዳያደርግ አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ደግሞም ከ25 ሊትር ያነሰ ቅጂ ለስሌት አይገባም። 60 ሊትር ቀድቼ አንድ ሊትር ብሳሳት ስሕተቱ ከመቶ ሁለት አይሞላም፤ 10 ሊትር ቀድቼ አንድ ሊትር ብሳሳት ግን ከመቶ አሥር ነው። ብዙ ሰው «አሥር ሊትር ቀድቼ ለካሁት» የሚለው ቁጥር ለዚህ ነው አንድ ቀን 14፣ በማግስቱ 9 የሚሆነው።

ጥቅምት 12

የመጀመሪያው ውጤት። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው 412፣ ማደያው 46.1 ሊትር። በሊትር 8.9 ማለት ነው። ዳሽቦርዱ 9.8 ይላል። አብዛኛው የከተማ መንገድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሰበታ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ጭነቱ ቀላል ነበር።

13 የት፣ 8.9 የት። ማታ ለአጎቴ ደውዬ ብነግረው «አላልኩህም?» አለኝ፤ የምመልሰው አልነበረኝም።

ከተኛሁ በኋላ ግን የዳሽቦርዱ ነገር አላስተኛኝም። ማሳያው የገባውን ናፍጣ አይመዝንም፤ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ለሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ ማለትም ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ግፊት እንደተከፈቱ ደምሮ ያሰላዋል እንጂ። ኪሎ ሜትሩን ግን የሚወስደው እኔም ከማነበው ከዚያው መቁጠሪያ ነው። ስለዚህ በእኔና በእርሱ መካከል ያለው ልዩነት የሊትር ልዩነት ብቻ ነው። እኔ 46.1 ሊትር ከፍዬ ቀድቻለሁ፤ እርሱ የቆጠረው 42 ያህል ነው። በአንድ ቅጂ አራት ሊትር ከዓይን ይሰወራል ማለት ነው።

ጥቅምት 21

ትልቅ ነገር የተገኘበት ቀን ነው።

ለአዳማ ደንበኛ ዕቃ ላደርስ በፍጥነት መንገዱ ሄድኩ። መንገዱ የታጠረና ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ዳር ዳሩንም የኪሎ ሜትር ምልክት ስላለው፣ ከከተማ ወጥቶ መቁጠሪያን ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ረዳቴ ስልኩ ላይ ጂፒኤሱን ከፍቶ ምልክቶቹን ይቆጥራል፤ እኔ መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጌ ጀመርኩ። በምልክቶቹ 60 ኪሎ ሜትር ስንሞላ መኪናው የቆጠረው 58.0 ነው። ስልኩም 60 ይላል። ስንመለስ ደገምነው፤ ያው 58።

አዳማ ላይ ቆመን ጎማዎቹን ሳይ ነገሩ ገባኝ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ጽሑፍ 265/65፣ ቸርኬው 17 ይላል። የተገጠመው ጎማ ግን 265/70 ነው። የቀድሞው ባለቤት ከፍ ያለ ጎማ ወዶ ቀይሮታል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ምን ያህል እጅ እንደሆነ በመቶኛ ይናገራል። ሲሰላ የፋብሪካው ጎማ ከአፍ እስከ አፍ 776 ሚሊ ሜትር፣ የተገጠመው 803 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መቁጠሪያው የሚያውቀው የጎማውን ዙር ብቻ ነው፤ ጎማው በእያንዳንዱ ዙር ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚነግረው የለም።

ስለዚህ ጥቅምት 12 የሄድኩት 412 ሳይሆን 426 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ውጤቱም 8.9 ሳይሆን 9.2። መኪናውን ያለ ጥፋቱ ወቅሼዋለሁ። በደብተሩ ሽፋን ውስጠኛ ክፍል ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ «መቁጠሪያ × 1.034» እና «ዳሽቦርድ × 0.94»። ከዛሬ በኋላ እዚህ የሚጻፍ ማንኛውም ቁጥር በዚህ የታረመ ነው።

ሁለተኛ እጅ ፒካፕ የገዛ ሁሉ ስለ ነዳጅ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት በሩን ከፍቶ ያንን ጽሑፍ ከጎማው ጋር ቢያስተያይ ደስ ይለኛል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ኅዳር 4

ከአጎቴ ጋር ባቱ ሄደን ተመለስን፤ እርሱ በራሱ መኪና፣ እኔ በራሴ። እያንዳንዳችን 400 ኪሎ ግራም ጫንን፤ ፓምፖቹን አስመዝነን ነው ያካፈልናቸው። በሞጆ በኩል፣ አንዳችን ሌላውን እያየን፣ ከ80 ሳናልፍ ነዳን። ከመነሻችን በፊትም ስንመለስም ከአንድ መቅጃ ሞላን።

የታረመው ርቀት 330 ኪሎ ሜትር። የእኔ 29.5 ሊትር፣ በሊትር 11.2። የእርሱ 34.0 ሊትር፣ በሊትር 9.7።

አጎቴ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አነበበው። «እኔ እኮ በትልቁ ሞተር ቀስ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። እውነቱን ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ማታ ቡና ላይ የሚመስለኝን አስረዳሁት፤ እዚህም ላስፍረው፣ ምክንያቱም «ተርቦ ይቆጥባል» ብሎ መዝጋት ልክ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት ከነጭራሹ የተርቦ አይደለም። የእርሱ ሞተር የቀድሞው ዓይነት ነው፤ ናፍጣው መጀመሪያ የሚረጨው ከሲሊንደሩ በላይ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ተቀጣጥሎ ነው ወደ ፒስተኑ የሚወርደው። በዚያች ክፍል ግድግዳ በኩል ብዙ ሙቀት ሳይሠራ ይባክናል። የእኔ በከፍተኛ ግፊት ቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ይረጫል። ከልዩነቱ ትልቁን ድርሻ ለዚህ እሰጣለሁ።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው የተሰጠውን ነው፤ ስለዚህ አገራችን ደጋ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ከመነሻው ይነጠቃል። ሹፌሩ የጎደለውን ለመተካት መርገጫውን ወደ ታች ይጫናል፤ ናፍጣው ይጨምራል፣ አየሩ ግን አይጨምርም፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ተርቦ ከጭስ ማውጫው በሚወጣው ጋዝ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የወሰደውን ይመልሳል። የሳሳው አየር ደግሞ አንድ በጎ ነገር አለው፤ መኪናውን ከፊት የሚገፋው ነፋስም እንደዚያው ይሳሳል። ባለ ተርቦ መኪና ደጋ ላይ ጉልበቱን ሳያጣ ይህን ጥቅም ያገኛል።

አጎቴ ሲሰማኝ ቆይቶ «እሺ፣ ቁልቁለትና ዳገቱን ደግሞ እናያለን» አለ። አባይን ማለቱ ነው።

ኅዳር 17

በዚህ ወር ወደ አዳማ ሦስት ጊዜ ስለሄድኩ አጋጣሚውን ለፍጥነት ፈተና ተጠቀምኩበት። ባዶ መኪና፣ ሁለት ሰው፣ ነፋስ ያልበረታበት ማለዳ። አዳማ ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለሚል መሄዱን ብቻ መለካት ያታልላል፤ ደርሶ መልሱ ነው የሚቆጠረው። ለእያንዳንዱ ፍጥነት የሚፈጀው ከ25 ሊትር በታች ስለሆነ በደንቤ መሠረት ማደያውን ሳይሆን የታረመውን ዳሽቦርድ ወሰድኩ። እስካሁን በሞላኋቸው ቅጂዎች ሁሉ የዳሽቦርዱ የሊትር ስሕተት ያው ከመቶ ዘጠኝ ወይም አሥር ነው። ስሕተቱ እስካልዋዠቀ ድረስ ለማነጻጸር ያገለግላል።

በ80 በሊትር 12.9 ሄድኩ። በ100 10.9። በ115 9.2።

ሦስተኛውን ቁጥር ሳይ መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ። ያው መኪና፣ ያው መንገድ፣ ያው ሹፌር፤ ልዩነቱ የእግሬ ጫና ብቻ። ከ80 ወደ 100 ስወጣ ፍጥነቴ የጨመረው በሩብ ነው፤ ነፋሱ የሚገፋኝ ኃይል ግን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ፒካፕ ደግሞ ቁመቱ ረጅም፣ ግንባሩ ቀጥ ያለ፣ ኋላው ክፍት ሳጥን ነው፤ ለነፋስ የተመቸ አካል አይደለም።

ተርቦ ነዳጅ ይበላል የሚለው ወሬ ከየት እንደሚነሣ የገባኝ እዚህ ነው። ተርቦ ራሱ ናፍጣ አይጠጣም፤ አየር ያመጣል። አየር ሲኖር ኮምፒውተሩ ናፍጣ ይጨምራል፤ ያንን የሚያዘው እግሬ ነው። የአጎቴ ሃይሉክስ የቆጣቢነት ስም ያተረፈው በ115 የሚሄድበት አቅም ስለሌለው ነው። ቀስ ብሎ እንዲሄድ ተገዷል። የእኔ አልተገደደም፤ ስለዚህ መገደብ ያለብኝ እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባ አዳማ በ80 እና በ115 መሄድ የሚያመጣው የጊዜ ልዩነት ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

ኅዳር 29

የፖርቶመጋላው ነገር። ፖርቶመጋላው ላይ ባለ ስድስት ሜትር የፕላስቲክ ቱቦዎች አስሬ በ80 ስሄድ 12.9 የነበረው ወደ 11.1 ወረደ። ቱቦዎቹ ሁሉ ተደምረው ሰባ ኪሎ አይሞሉም። ክብደት አይደለም፤ ነፋስ ነው። አፋቸው ክፍት ስለሆነ ያፏጫሉ ደግሞ። የፊት አፋቸውን በሸራ ጠቅልዬ ሳስር ፉጨቱ ቆመ፤ ቁጥሩ 11.4 ሆነ። ባዶውን ፖርቶመጋላ ከማያስፈልግበት ቀን ማውረድ ጀምሬያለሁ፤ አራት ብሎን ነው።

ታኅሣሥ 9

አንድ ነገር ተበላሽቷል። ባቱ ደርሶ መልስ፣ ያው 400 ኪሎ፣ ያው ፍጥነት፤ ግን በሊትር 9.1። ከአንድ ወር በፊት 11.2 ነበር። እንጦጦ ስወጣ በመስታወት ጥቁር ጭስ አየሁ፤ መርገጫውን ጫን ሳደርግ ከኮፈኑ ሥር ሽው የሚል ድምፅ ይሰማል። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ ምልክት የለም።

ደብተሩ ባይኖር ይህን «ናፍጣው ጥራት የለውም» ብዬ አልፈው ነበር። መኪናው ይሄዳል፣ ይጎትታል። ሁለት ኪሎ ሜትር በሊትር መጥፋቱን ያለ መዝገብ ማን ያውቃል?

ከሰዓት አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ኮፈኑን ከፍተው ድምፁን ሰሙና «ተርቦው ሞቷል፤ መቀየር አለበት» አሉኝ። ዋጋውን ሲነግሩኝ አንድ ሌሊት ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 13

አጎቴ ሃያ ዓመት ያህል የሚያውቃቸው አንድ መካኒክ አሉ፤ እርሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ደብተሩን ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ይህንን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። ብዙው ሰው የሚመጣው ‹ነዳጅ በዛብኝ› ብሎ ነው፤ መቼ፣ ስንት ብለው አያውቅም።»

የአየር መግቢያውን ቱቦ ፈትተው የተርቦውን ዘንግ በጣታቸው ወዲያና ወዲህ ገፋ ገፋ አደረጉት። «ይህ ምኑ ሞተ? አይነቃነቅም፣ ክንፉም አልተላጠም።» ከዚያ ከተርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ፣ ማለትም የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ በእጅ ባትሪ ዙሪያውን አዩት። «ዘይት ያለበት ቦታ አቧራ ይጣበቃል፤ አንተ አቧራውን ተከተል» አሉኝ። የቱቦው ሥር፣ ማሰሪያው አጠገብ፣ በረጠበ አቧራ ጠቁሯል።

ማረጋገጫው ቀላል ነበር። የአየር መግቢያውን አፍ በሚገባ ክዳን ዘግተው፣ ከኮምፕረሰሩ በቀስታ ትንሽ አየር ለቀቁበት፤ በብሩሽ የሳሙና ውሃ ቱቦው ላይ ቀቡ። ከማሰሪያው ሥር አረፋው ተንጨረጨረ። የጣት አንጓ የምታህል ስንጥቅ ናት። ሞተሩ ሲጠፋ ትገጥማለች፣ ዓይን አያያትም፤ ተርቦው ግፊት ሲፈጥር ብቻ ትከፈታለች።

ነዳጁ ለምን እንደጨመረ ሲያስረዱኝ እንዲህ አሉኝ። መኪናው የሚገባውን አየር የሚለካው ከተርቦው በፊት፣ ከፊልትሮው አጠገብ ነው። ኮምፒውተሩ «ይህን ያህል አየር ገብቷል» ብሎ በዚያው ልክ ናፍጣ ያዛል። አየሩ ግን ተጨምቆ መንገድ ላይ በስንጥቋ ያመልጣል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚደርሰው ናፍጣው የታዘዘበትን ያህል አየር አይደለም፤ የተረፈው ጭስ ይሆናል። እኔ ደግሞ መኪናው ሲዝልብኝ መርገጫውን እጨምራለሁ፤ ስንጥቋም በዚያው ልክ ትከፈታለች።

የቱቦው ዋጋ ከተርቦው ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ፊልትሮውንም አብሬ ልቀይር ስላቸው ከለከሉኝ። «አንድ አንድ አድርግ። ሁለቱን ባንድ ቀን ከቀየርክ ደብተርህ ምን ይጠቅምሃል?» አሉኝ። ስመለስ ከመኪናው የምርመራ ሶኬት ጋር የሚሰካ የኮምፒውተር ማንበቢያ አዋሱኝ። አመስግኜ አልጠግባቸውም።

ታኅሣሥ 20

ባቱ ደርሶ መልስ፣ 400 ኪሎ፣ በአዲሱ ቱቦ ብቻ፦ በሊትር 11.1። ተመልሷል። በሚቀጥለው ሳምንት ፊልትሮውን ቀይሬ እንደገና አየሁ፦ 11.2። የፊልትሮው ልዩነት በማደያ መለኪያ የሚያዝ አይደለም። ለሞተሩ ጤና መቀየሩ ይገባል፤ ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብዬ ግን ከእንግዲህ አልናገርም።

ጥር 10

ከተራ። ከቦሌ ወደ ጃንሜዳ አቅጣጫ ዕቃ ይዤ መውጣት አልነበረብኝም፤ ታቦታቱ በሚያልፉበት ሰዓት መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆምኩ። ዝማሬው እስከ መኪናው ድረስ ይሰማ ነበር። ጊዜውን ማንበቢያውን ለማየት ተጠቀምኩበት፤ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ0.7 እስከ 0.8 ሊትር ይወስዳል፤ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ይጨምራል። ሁለት ሰዓት መቆም አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል የባቱ መንገድ ነው። ካየሁ በኋላ ሞተሩን አጠፋሁት።

የዚህ ሳምንት ሙሉ የከተማ ቅጂ፦ 402 ኪሎ ሜትር፣ 49.6 ሊትር፣ በሊትር 8.1። እስካሁን ከመዘገብኩት ዝቅተኛው ነው። ከተማ ውስጥ ተርቦ የሚያተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ቶን ብረት ከመብራት ወደ መብራት ማስነሣትና በፍሬን ማቆም ነው ሥራው፤ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የተከፈለበት ናፍጣ ሙቀት ሆኖ ይበንናል።

ጥር 17 እስከ 19

አባይ። አጎቴ የጠበቀው ፈተና።

ወደ ደብረ ማርቆስ 600 ኪሎ ግራም ፓምፕና ዕቃ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ቱቦ፤ ከእኔና ከረዳቴ ጋር መኪናው በጠቅላላው 2,750 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከሱሉልታ እስከ ገብረ ጉራቻ ያለው ሜዳ ለዚህ ሞተር የተሠራ ይመስላል፤ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ጤፉ ታጭዷል፣ መንገዱ ቀዝቃዛ ነው፣ መኪናው በከፍተኛው ማርሽ ዝም ብሎ ይፈስሳል።

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስወርድ ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ። ማንበቢያው ላይ የናፍጣው ቁጥር ዜሮ ሆነ። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሣ ኮምፒውተሩ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። ብዙ ሹፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ እዚህ ማርሹን ነጻ ያደርጋል። ለመፈተሽ ከፊቴና ከኋላዬ ማንም በሌለበት ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ለአፍታ ሞከርኩት፤ ቁጥሩ ከዜሮ ተነሣ፣ ምክንያቱም ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት ይጀምራል። ነጻ ማርሽ ነዳጅ ይጨምራል እንጂ አይቆጥብም። ደግሞም በዚያ ገደል መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል፤ ከታች ሲደረስ ደግሞ የጋለ ፍሬን አይታመንም። በመንገዱ ዳር የተገለበጡ የጭነት መኪኖችን ያየ ሰው ይህን ሁለተኛ ጊዜ አይሞክርም፤ እኔም አልሞክርም።

በሕዳሴ ድልድይ ላይ ተሻግረን፣ ከማዶ ዳር ይዤ ቆሜ መለኪያዬን ሁሉ ዜሮ አደረግኩ። እዚህ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ነው፤ ደጀን ወደ 2,450። በጥምዝምዙ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ መኪናውን 1,350 ሜትር ወደ ሰማይ ማንሣት አለብኝ።

ከመውጣቴ በፊት በእርሳስ አሰላሁት። 2,750 ኪሎ በ1,350 ሜትር ለማንሣት የሚያስፈልገው ኃይል 36 ሜጋ ጁል ያህል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለው ኃይልም 36 ሜጋ ጁል ያህል ነው። ሞተሩ ግን ከሚያቃጥለው ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ ሦስተኛውን ገደማ ነው፤ የቀረው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚህ ለማንሣቱ ብቻ ሦስት ሊትር። ጎማው ከመንገዱ ጋር የሚታገልበት፣ ጥምዝምዙ፣ ነፋሱ በላዩ ይጨመራል።

አብዛኛውን በሦስተኛ ማርሽ፣ በ1,800 ዙር አካባቢ ወጣሁ። የተርቦው ጉልበት ያለው እዚያ ታች ነው፤ ዙሩን ወደ 3,000 ማስጮህ ለዚህ ዳገት አያስፈልግም። ደጀን ስደርስ ማንበቢያው የታረመው 4.3 ሊትር ሆነ። በሊትር 4.7 ማለት ነው። በእርሳስ ካሰላሁት ሦስት ሊትር ጋር ሳስተያየው ደስታዬን ለረዳቴ ማስረዳት አቃተኝ፤ አንድ ሊትር ከሩብ ለቀረው ሁሉ፣ ሦስቱ ለተራራው።

ደጀን ላይ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋሁም፤ ሁለት ደቂቃ ያህል እንዲሠራ ተውኩት። ከእንዲህ ያለ ዳገት በኋላ ተርቦው የጋለ ነው፤ ዘይቱ ሳይዞር በድንገት ከቆመ ዘንጉ ዙሪያ ይቃጠላል። ይህች ሁለት ደቂቃ ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰ ናፍጣ ነው የምትወስደው።

የገደሉ ሒሳብ ግን እንደሚፈራው አይደለም። መውረዱ ከሞላ ጎደል በነጻ፣ መውጣቱ 4.3 ሊትር፤ አርባውን ኪሎ ሜትር አንድ ላይ ስወስደው በሊትር 9.3 ይሆናል። ጭነት ይዤ ከተማ ውስጥ ከምሄደው ይሻላል። ስመለስ መኪናው ባዶ ነበር። አጠቃላዩ ደርሶ መልስ 598 ኪሎ ሜትር፣ 62.3 ሊትር፣ በሊትር 9.6።

አጎቴ ዳገቱን ሰምቶ «የእኔው እዚያ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ አንዴ ቆሜ ውሃ ሳላበርድ ወጥቼ አላውቅም» አለ። ስለ ነዳጁ ምንም አልጨመረም።

የካቲት 6

ጎሚስታው ዘንድ ንፋስ አስለካሁ፤ የኋላ ግራው 22፣ ሌሎቹ 30 እና 31። ሁሉንም በበሩ ምሰሶ ላይ ወደተጻፈው መለስኩ። በቀጣዩ ቅጂ የታየ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ጎማው ግን በሁለቱም ጠርዙ መበላት ጀምሮ ነበር። አሁን በየሁለት ሳምንቱ፣ ጎማው ሳይግል፣ ማለዳ እለካለሁ።

የካቲት 28

አምስተኛው ወር ሊሞላ ነው። የታረመ ርቀት 7,840 ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣ 771 ሊትር፤ በአማካይ በሊትር 10.2። የሻጩ 13 በ80 ፍጥነት፣ ባዶ፣ ያለ ፖርቶመጋላ፣ ለአንድ ማለዳ ታይቷል ማለት ይቻላል። በዚያ ቁጥር ሥራ ላይ ዋጋ መስጠት ግን አይቻልም።

ዋጋ ሳቀርብ የምጠቀምባቸው ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ ናቸው፦ ለከተማ 8፣ ለባቱ ከነጭነቱ 11፣ ለደብረ ማርቆስ ከነጭነቱና ከነቱቦው 9.5። በባለፈው ወር የሰጠሁት የደብረ ማርቆስ ዋጋ በዚህ ተሠርቶ ልዩነቱ ሁለት ሊትር እንኳ አልደረሰም።

አጎቴ ትናንት መጥቶ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው። ሲሄድ «ያን ደብተር ከየት ነበር የገዛኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የእርሱን የመጀመሪያ ቅጂ አብረን ቅዳሜ እንሞላለን።

የቆዩት ጎማዎች ጥርሳቸው አልቋል። አራት 265/65 ገዝቼ ነገ ጠዋት ይገጠማሉ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፍጥነት መንገዱ፣ ወደዚያው 60 ኪሎ ሜትር። መቁጠሪያው 60 ካለ በሽፋኑ ላይ ያለውን «× 1.034» ሰርዤ አዲሱን ቀን ከጎኑ እጽፋለሁ።